መብራት የጠፋባት ዘፈን

ዘፈን እወዳለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እግሬ አውጪኝ ነው። ንቀት አይደለም፤ ከእነሱ አንዱ ስለነበርኩ በሽታውን አውቀዋለሁ። ዘፈን ወዳድ ማለት ሌላው ሰው ደስ ብሎት ሲያንጎራጉር «ኧረ እንዲህ አይደለም የምትለው!» ብሎ የሚያቋርጥ ፍጡር ነው። በቀደም አንድ የጎረቤቴ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ከሺህ በላይ ዘፈን ጭኛለሁ፤ የትኛውን ልላክልዎ?» አለኝ። «እስቲ አንዷን በቃልህ በልልኝ» አልኩት። ሳቀ። ሽማግሌ ሲጃጅል እንዲህ ያደርገዋል ብሎ ነው የሳቀው። አልፈርድበትም፤ እኔም በእሱ ዕድሜ ብሆን እስቅ ነበር።

ነገሩ የጅጅጋ ነገር ነው። ደርግ ወድቆ አገሩ ገና ሲረጋጋ የመምህራን ዕጣ ወጣና ለእኔ ጅጅጋ ደረሰኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ከተማዋን ካርታ ላይ ስንት ጊዜ በዱላ ጠቁሜ አሳይቻለሁ። ጠቁሞ ማሳየትና ሄዶ መኖር ለየቅል መሆናቸውን የነገረኝ ነፋሱ ነው። የጅጅጋን ነፋስ የማያውቅ ሰው ነፋስ አውቃለሁ አይበል። ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ወጥቼ ማታ ስመለስ አከራዬ «ማንን ነው የሚፈልጉት?» ብላ በር ላይ አስቁማኛለች።

ሰው እንግዳ አገር ሲገባ ቤት ይፈልጋል፣ ምግብ ይፈልጋል፣ ከዚያ ደግሞ የሚያዳምጠው ሰው ይፈልጋል። የመጨረሻውን ያገኘሁት አብዲ ሱቅ ጓሮ ነው። አብዲ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ፍራሽና ትራስ የተደረደረበት ክፍል አለው፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ከባሕር ማዶ ዞሮ ዞሮ የመጣ ትልቅ ቴፕ አለ። ከሰዓት በኋላ ጫታችንን ይዘን እዚያ እንሰየማለን። ሦስተኛችን ሃምሳ አለቃ ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ጦሩ ፈርሶ ሁሉም ወደየአገሩ ሲበተን «አገሬ የት እንደሆነ እስካጣራ» ብሎ እዚያው ቀረ፤ የእህል መጋዘን ይጠብቃል። ሃምሳ አለቃ ዘፈን ሰምቶ ያላለቀሰበት ቀን የለም። የሠርግ ዘፈን ሲከፈት ያለቅሳል። የሳሙና ማስታወቂያ ሲዜም እንባውን ሲጠርግ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ማኅበራችን ሕግ ነበረው። የመጀመሪያው ሕግ፣ ትዝታው ሳይነገር ዘፈኑ አይከፈትም። የት ሰማኸው? ከማን ጋር ነበርክ? ያን ቀን ምን ሆነ? ይህን ሳትናገር ካሴት ላስገባ ብትል አብዲ እጅህን ይይዘዋል። ሌላው ሕግ ደግሞ፣ የተጀመረ ዘፈን ከመሐል አይወጣም። እንግዳ ይምጣ፣ ጠብ ይነሳ፣ እስኪያልቅ ድረስ ካሴቱን የሚነካ የለም። «ዘፈንን ከመሐል ማውጣት እንግዳን ከማዕድ ማስነሳት ነው» ይል ነበር አብዲ። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እል ነበር። ይህቺ ሕግ ናት የበላችኝ።

አብዲ የሚያመጣው የሶማሊኛ ዘፈን ነው፤ በኡድ የሚታጀብ፣ እነሱ ካባን የሚሉት። ዘፈኑ ሲያጥር ማብራሪያው ይረዝማል። «ይህ ዘፈን ስለ ሴት ይመስላችኋል፤ ስለ ሴት አይደለም» ይለናል። እኛም ስለ መንግሥት ነው፣ ስለ ዝናብ ነው እያልን እንከራከርና ጫቱ ያልቃል። በማግስቱ ያንኑ ዘፈን ይከፍትና «ትናንት ተሳስቼ ነው፤ ስለ ሴት ነው» ይላል። ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ትዝታቸውን ነው።

አብዲ ልጅ ሆኖ ቤተሰቡ በጦርነቱ ሲሰደድ በጭነት መኪና ላይ ከፍየል ጋር ታጭቆ የሰማው ዘፈን አለው። ሃምሳ አለቃ ምሽግ ውስጥ ጓደኛው እቅፉ ላይ ሲያልፍ ሬዲዮው ሲዘፍን የነበረው ዘፈን አለው። የእኔ ተራ ሲደርስ «ይህን ዘፈን የሰማሁት ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው» እላለሁ። በሚቀጥለው ቀን «ይህን ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ስመለስ...»። አንድ ቀን አብዲ አላስቻለውም።

«መዓሊን» አለኝ፤ በሶማሊኛ መምህር ማለቱ ነው፤ «ያንተ ትዝታ ሁሉ አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንድ ቀን እንኳ አትወርድም?»

ሃምሳ አለቃ ሳቀ። ለቅሶ እንጂ ሳቅ የማያውቀው ሰውዬ በእኔ ላይ ሳቅ ተማረ። ደሜ ፈላ። ሰው ሐዘን አነሰህ ተብሎ ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ። ሐዘን እንዳላነሰኝ አሳያቸዋለሁ ብዬ ማልኩ፤ ሐዘኑ ደግሞ ነበረኝ፤ ሻንጣዬ ውስጥ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ።

ጥሩወርቅ ታናሽ እህቴ ናት። ወደ ጅጅጋ ልመጣ ስል ቤታችን ትንሽ የስንብት ግብዣ ተደረገ፤ አንድ ጎረቤት ቴፑን ይዞ መጣ፤ ባዶ ካሴት ተገኘ። ጥሩወርቅ ተነስታ ዘፈነች። የማንንም ዘፈን አይደለም። ቃሉን እዚያው እየፈጠረች፣ አንዱን ስንኝ ጥላ ሌላውን እያነሳች፣ እኔኑ እየሰደበችና ለእኔው እያለቀሰች። ቤቱ በጭብጨባና በሳቅ ተናጋ። እኔ በአንድ ጆሮዬ እየሰማሁ ሻንጣ አስር ነበር። ካሴቱን በስንብት ስጦታነት ሰጡኝ፤ እኔም እንዳይቀዳበት ብዬ ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች በቢላዋ ሰበርኳቸው። ያን ያደረገ ሰው በሰላም ይተኛል፤ በተሰበረ ላይ ቴፕ አይቀዳማ።

በሁለተኛው ዓመት ጥሩወርቅ በወሊድ ሞተች። መንገዱ መንገድ ነው፣ ደብዳቤውም ደብዳቤ ነው፤ መርዶው ጅጅጋ ሲደርሰኝ አርባዋ ወጥቶ ነበር። አፈር እንኳ አላለበስኳትም። ከዚያ ወዲያ ካሴቱን ልከፍት ስንት ጊዜ አውጥቼ እጄ እምቢ አለኝ። ግን አለች። «እዚያች አለች፤ የትም አትሄድ» እያልኩ ፎጣውን መልሼ እጠቀልላለሁ። እንዲህ ዓመታት አለፉ።

እንግዲህ ያችን ነው ይዤላቸው የሄድኩት። ለምን? አውቶቡስ ውስጥ ነህ ስላሉኝ። እናንተ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ሞኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ያን ቀን ትዝታዬን ስጀምር ሁለቱም ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አረዘምኩት። ስለ ቤታችን አጥር ተናገርኩ። ቴፑን ያመጣው ጎረቤት ከሌላኛው ጎረቤት ጋር በውሻ ምክንያት እንዴት እንደተጣላ ተናገርኩ። ውሻውን ገለጽኩ። ሃምሳ አለቃ ገና ከአጥሩ ላይ ጀምሮ ያለቅሳል፤ ጥሩወርቅ ዘንድ ስደርስ ስቅስቅ ብሎ ትራሱን አቀፈ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች።

«መዓሊን» አለ አብዲ በትሕትና፣ «ዘፈኑ ዛሬ ይመጣል?»

ካሴቱን አስገባሁና ተጫንኩት። መጀመሪያ ሳቅዋ መጣ። ያ ሳቅ! ከዚያ አንድ ሰው «ዝም በሉ እንጂ!» አለ፤ ጭብጨባው ተነሳ፤ ጥሩወርቅ ጀመረች።

«ወንድሜ ሄደ አሉ ግመል ካለበት አገር...»

መብራት ጠፋ። እንደዚህ ነው፤ ድርግም። አምፖሉ ሞተ፣ ቴፑ ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው አንድ ጊዜ ጎርነን ብሎ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ የአንድ ሀብታም ጄኔሬተር ማጓራት ጀመረ።

«ካዲብ?» አለ አብዲ በጨለማው ውስጥ። ከዚያስ ማለቱ ነው። «ካዲብ ምን አለች?»

«ራሷ ትነግርሃለች» አልኩ። እንዴት ያለ ኩራት ነበር! እንደ ቱጃር ተንጠራርቼ ትራሴን ተደገፍኩ። «መብራቱ ይምጣና ከራሷ አፍ ትሰማለህ።»

መብራቱ አልመጣም። ልነሳ ስል ካሴቴን ለማውጣት እጄን ዘረጋሁ፤ አብዲ እጄን ያዘኝ። «ሕጉስ?» አለ፤ መብራት ሲመጣ ብቻዋን እንዳትጀምር ቁልፉን ብቻ አነሳው። «ከመሐል አይወጣም። ነገ ከቆመችበት ትቀጥላለች።» ሃምሳ አለቃም «ክብሯ ነው፣ እዚያው ትደር» አለ። እኔም ሕግ አክባሪው፣ የእህቴን ክብር ጠባቂው፣ ጥያት ወጣሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በቀጥታ አብዲ ዘንድ ሄድኩ። የቴፑ አፍ ክፍት ነው። ውስጡ ባዶ ነው።

አብዲ አየኝ፣ ቴፑን አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ «ሆዮ!» ብሎ ተጣራ። ሆዮ ማለት እናቴ ማለት ነው፤ እኛም ሁላችን እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ሆዮ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቀስ ብለው መጡ። ቀስ ብለው የሚመጡት እግራቸው አሟቸው አይደለም፤ ሰው እንዲጠብቃቸው ስለሚወዱ ነው።

እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ ልንገራችሁ። ያኔ በዚያ አገር ያሉ እናቶች ለሩቅ ዘመድ ወረቀት አይልኩም፤ ድምፃቸውን ነው የሚልኩት። ካሴት ላይ ሰላምታቸውን፣ ምክራቸውን፣ ስድባቸውን ቀድተው ለሾፌር ይሰጣሉ። ተቀባዩ ሰምቶ ሲጨርስ መልሱን በዚያው ካሴት ላይ፣ በዚያው ድምፅ ላይ ደርቦ ቀድቶ ይመልሰዋል። ሆዮ ደግሞ ሀርሺን ከተማ ያገባች ሆዳን የምትባል ልጅ አለቻቸው። ጎህ ሲቀድ መብራት መጥቷል፤ መኪና ሊወጣ ነው ተብሏል፤ ካሴት የለም። ቴፑ ውስጥ ግን አንድ ተቀምጧል።

«የሰው ነው እኮ ሆዮ!» አልኳቸው።

«ተኝቶ አገኘሁት» አሉ በዚያች በገበያ አማርኛቸው። «የተኛ ካሴት ባለቤት የለውም።»

«ፕላስቲኩን ሰብሬዋለሁ! አይቀዳም!»

በሐዘኔታ አዩኝ። «ቀዳዳው ውስጥ የብስኩት ወረቀት ጠቅጥቄበታለሁ። አንተ ብቻ ነህ የተማርከው?»

እንግዲህ ተስፋ አንዲት ብቻ ቀረችኝ። ያ ቴፕ እንዲቀዳ ሁለት ቁልፍ ባንድ ላይ መጫን አለበት፤ አንዱን ብቻ ከተጫኑት ሲያወሩ ይውላሉ እንጂ ምንም አይቀዳም። «እንዴት አድርገው ተጫኑት ሆዮ? በነቢዩ ይንገሩኝ!» አልኳቸው። ሆዮ መቁጠሪያውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና የቀኝ አመልካች ጣታቸውን ዘርግተው በአየር ላይ ተጫኑ። አንድ ጣት! ሃምሳ አለቃን አየሁት፤ አየኝ። አንድ ጣት ነው። ጥሩወርቅ በሕይወት አለች ማለት ነው። ግን ሆዳን መልስ ከመቅዳቷ በፊት መድረስ አለብን፤ እሷ ወጣት ናት፣ ሁለት ጣት አታጣም።

ቅዳሜ ሦስታችን ወጣን። አብዲ «እናቴ ናት ያጠፋችው» ብሎ ሱቁን ዘጋ፤ ሃምሳ አለቃ «ሰው ሜዳ ላይ አልጥልም» ብሎ መጋዘኑን ለእግዜር ሰጠ። መጀመሪያ ሾፌሩን ስንፈልግ፣ ሀርሺን ይሄዳል የተባለው ሰውዬ የተሻለ ጭነት አግኝቶ አውበሬ ሄዷል ተባልን። ሀርሺን በአንድ በኩል፣ አውበሬ በሌላ በኩል! ወደ አውበሬ ተጫንን። ነፋሱ አፋችን ውስጥ አፈር እየጨመረ፣ ሃምሳ አለቃ በሾፌሩ ዘፈን እያለቀሰ ደረስን።

ሾፌሩን ሻይ ቤት አገኘነው። ከጎኑ ያለው ፌስታል በካሴት ተሞልቷል፤ የአካባቢው ፖስታ ቤት እሱ ነው። የሀርሺኑን ዛሬ ጠዋት ለሌላ መኪና ማስተላለፉን ነገረን፤ ቀጥሎ ግን ራሱን አከከና «ወይስ ይቺ ናት?» ብሎ አንዷን አወጣ። የሻይ ቤቱ ቴፕ ውስጥ ገባች። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ ለልጃቸው ምርቃት እያወረዱ። ከሠፈሩም አጠገቡ ካለው የስደተኛ ጣቢያም ሰው ተሰበሰበ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ፤ ልጁን አያውቁትም፣ ሽማግሌውንም አያውቋቸውም። ሃምሳ አለቃ አንዲት ቃል ሳይገባው ከሁሉም በላይ ያለቅሳል።

«የኛ አይደለም፤ አውጣውና እንሂድ» አልኩት ለአብዲ።

እጄን ስዘረጋ ሴትዮዋ ጮኹብኝ። አብዲ አንገቱን ደፍቶ ተረጎመልኝ፦ «ከመሐል አይወጣም ነው የሚሉህ።»

ምርቃቱ እስኪያልቅ አሜን እያልን ቆምን። ሽማግሌው መካሪ ሰው ነበሩ፤ ምርቃታቸው አያልቅም። መኪናው ጥሎን ሄደ።

በማግስቱ የሀርሺን መኪና አግኝተን ስንሄድ ደግሞ ኬላ ላይ ወረድን። ፈታሹ ሦስት ሰው ያለ ዕቃ ሲጓዝ አይቶ አያውቅም፤ በዚያ መንገድ ላይ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ከሌባ ይልቅ ያጠራጥራል።

«ሀርሺን ምን ልታመጡ ነው?»

«ካሴት» አልኩት።

«ስንት ካሴት?»

«አንድ።»

«ሦስት ሰው ለአንድ ካሴት?» ዓይኑ ጠበበ። «ካሴቱ ላይ ምንድን ነው ያለው?»

«እህቴ።»

«እህትህ ሀርሺን ምን ትሠራለች?»

«ሞታለች።»

ሃምሳ አለቃ ከጎኔ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠው፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ፈታሹ «ነፍስ ይማር» አለና ኪሳችንን ብቻ ፈትሾ ለቀቀን። በሕይወቴ የሰማሁት የመጀመሪያው የእህቴ ማጽናኛ ይህ ነው፤ ከኬላ ፈታሽ።

ሀርሺን የከብትና የግመል አገር ናት። የሆዳን ቤት ከገበያው ወጣ ብሎ ነው። ሆዳን ረጅም ናት፤ ድምፅዋ ቁርጥ የእናቷ። ወንድሟን ስታይ እልል አለች። ካሴቱን ወዲያው ልጠይቅ ስል አብዲ በክርኑ ጎሸመኝ፤ በአገሩ ወሬ ሳይጠያየቁ ጉዳይ አይነሳም። ተቀመጥን። በግመል ወተት የፈላ ሻይ መጣ። ዝናቡ ተጠየቀ። ግጦሹ ተጠየቀ። ግመሎቹ አንድ ባንድ ተጠየቁ፤ የአንዷ እግር ሁኔታ ብቻ አንድ ብርጭቆ ሻይ ፈጀ። እኔ ጉልበቴን እያሻሸሁ «አንድ ጣት፣ አንድ ጣት» እላለሁ በልቤ።

በመጨረሻ አብዲ ጠየቃት። ሆዳን ፊቷ በራ። መልስ ቀድታ እንደሆነ ስትጠየቅ እጇን ወደ ልጆቿ አወናጨፈች፤ በር ላይ ተደራርበው ያዩናል። ልጆቹ የካሴቱን መጀመሪያ እየመለሱ እየመለሱ ሲሰሙ ባትሪዋን ጨርሰውባታል፤ ባትሪ ባያልቅ ትናንት ነበር የምትቀዳው። ተነስቼ እያንዳንዳቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። የሞቱት ባትሪዎች ነፍስ እንዲዘሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። እኛም ወጥተን ከባትሪዎቹ ጋር ፀሐይ ሞቅን።

ባትሪው ገባ። ሆዳን ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰችና ተጫነች። የደከመ ባትሪ ድምፅን ያወፍራል፤ የጥሩወርቅ ሳቅ እንደ ወንድ ሳቅ ጎርንኖ መጣ። ግን መጣ! «ዝም በሉ እንጂ!» መጣ። ጭብጨባው መጣ። እጄ የሃምሳ አለቃን ክንድ ያዘ።

«ወንድሜ ሄደ አሉ ግመል ካለበት አገር...»

«ሆዳን! ማ ነበድ ባ?» አሉ ሆዮ። ሆዳን፣ ሰላም ነሽ ወይ?

ሃምሳ አለቃ ቀስ ብሎ «በሁለት ጣት ነው» አለ።

ሆዮ ከቆመበት ነው የጀመሩት፤ እህቴ አንዷን ስንኝ ስትጨርስ ተቀብለዋታል። ሆዳን ግን በኩራት አየችን። እናቷ ሰላምታቸውን የሚያስጀምር ዘፋኝ ቀጥረው ልከውላት ነው የመሰላት፤ ሀርሺን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰላምታ ለማንም ተልኮ አያውቅም።

እኔ ግን ገና አልሞትኩም። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ ርቀት አውቃለሁ። የጥሩወርቅ ዘፈን ረጅም ነው፤ ሆዮ አጠር አጠር አድርገው ከጨረሱ ከእሳቸው ወዲያ ያለው አልተነካም ማለት ነው። ጸለይኩ። ሆዮ ጤና ጠየቁ። ሆዮ ጉልበታቸውን አስረዱ። አብዲ በሹክሹክታ ይተረጉምልኛል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም አለ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ተወው።»

«ንገረኝ እንጂ!»

«"ወንድምሽ እስካሁን አላገባም" ነው የምትለው። "ቀኑን ሙሉ ከሁለት ሀበሾች ጋር ይውላል። አንዱ ያለቅሳል። አንዱ መብራት እስኪጠፋ ያወራል።"»

ልጆቹ ሁለታችንን እያዩ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነገራቸው አውቀዋል።

ከዚያ ሆዮ «ነበድ ገልዮ» አሉ። ደህና ሁኚ ማለት ነው። ትንሽ «ሽሽሽ» የሚል የባዶ ካሴት ድምፅ ተሰማ... «ለካ ረስቼው» ብለው ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ጀመሩ። ሠርጉ አለቀና እንደገና «ነበድ ገልዮ» አሉ። ሃምሳ አለቃ አማተበ። ሆዮ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና ስለ አንዲት የጠፋች ፍየል ጠየቁ። ፍየሏን ሆዳን አልፈለገቻትም፣ የሆዳን ባል አልፈለጋትም፣ ዛሬ የሚፈልግ ሰው የለም፣ ድሮ ግን እሳቸው በሆዳን ዕድሜ ሳሉ... «ነበድ ገልዮ» ባሉ ቁጥር እነሳለሁ፣ «ለካ» ባሉ ቁጥር እወድቃለሁ። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይሰናበታል? እኔ እህቴን አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰናበትኩም።

ስለ ፍየሏ እያወሩ ሳሉ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ዘለለ። ካሴቱ አለቀ። ሆዮ ግን አልጨረሱም ነበር።

ሆዳን ነገሩን ከአብዲ ስትሰማ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች፤ ካሴቱን አውጥታ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። የእናቷን ድምፅ ከነፍየሏ ነው የሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ምን አደርግበታለሁ? አንዲት ስንኝ ናት። ውሻውን ባልገልጸው ኖሮ፣ አጥሩን ብዘለው ኖሮ፣ መብራቱ ሲጠፋ ሦስት አራት ስንኝ አልፎ ነበር። በገዛ ምላሴ ነው የቀበርኳት።

ያኔ ነው ልጆቹ በር ላይ የጀመሩት። መጀመሪያ ትንሿ፣ ከዚያ ሁሉም፣ እያጨበጨቡ። አንዲት የአማርኛ ቃል አያውቁም፤ ግን የጥሩወርቅን እርግብግብታ፣ «አገር» ላይ የምትጥላትን እጥፋት፣ ሁሉንም ይዘውታል። ሳቋን ሳይቀር ይዘውታል። ባትሪው እስኪያልቅ የተማሩት ይህን ነው።

«ወንድሜ ሄደ አሉ ግመል ካለበት አገር...»

ቆሙ። ትንሿ ልጅ ወደ እኔ መጣች።

«ካዲብ?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ የምነግራት እንግዲህ፤ ሌላ ማን አለ? ያን ጊዜ ከነበሩት የቀረ የሚያስታውስ የለም፤ እዚያው የተፈጠረ ቃል ነው። አገር... አገር... «መናገር» ነበር? «ማገር» ነበር? ስለ ሻንጣዬ አንድ ነገር ብላለች፤ ሰው የሳቀው በእሱ ነው። ወይስ ስለ ጫማዬ? ሻንጣ አስር ነበር እኮ! በአንድ ጆሮዬ ነበር እኮ የሰማሁት! ቤት ለመምታት ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፤ የራሴን ስንኝ እየፈጠርኩ መሆኔን ሳውቅ ተውኩት። ያን ሁሉ ዓመት ካሴቱ ያስታውስልኛል ብዬ እኔ አንዷንም ቃል አላስታወስኩም።

ሃምሳ አለቃን ቀና ብዬ አየሁት። ያን ቀን ብቻ አላለቀሰም።

«አላውቀውም በላት» አልኩት ለአብዲ።

አብዲ ነገራት። ልጅቷ እኔን ትክ ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ አጎቷ ዞራ በሶማሊኛ አንድ ነገር ጠየቀች። አብዲ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም፤ እየጎተትኩ አስተረጎምኩት።

«ወንድሟ እሱ አይደለም እንዴ?» ነው ያለችው።